ሰብሳቢነትን የት ተማረው?

መምህር ሆኖ ወደ ዋግ ኽምራ ገጠር ለተመደበ ወጣት መጀመሪያ የሚሰጠው ጠመኔ ነው። ሁለተኛው ስብሰባ ነው። ዝቋላ ይሁን አበርገሌ፣ ሰሃላ ይሁን ጻግብጂ፣ ትምህርት ቤቱ ጥቂት መምህራን ብቻ ያሉት ከሆነ ከመካከላቸው አንዱ ርእሰ መምህር መሆኑ አይቀርም። ዕድሜው ገና ሃያዎቹን የጀመረ ልጅ የወላጅና መምህራን ኅብረትን ይሰበስባል። ልጁን ለፍየል ጥበቃ ካስቀረ አባት ጋር ይከራከራል። ሳትደርስ ልትዳር የታሰበች ተማሪ ጉዳይ ሲመጣ ቀበሌና ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ቆጠራ ሲመጣ ቆጣሪ፣ ምርጫ ሲመጣ አስፈጻሚ፣ ለተማሪ ምገባ እህል ሲመጣ ተረካቢ እሱ ነው። ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ሒሳብ ማወራረድ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ፣ አባቱ የሚሆኑ ሰዎችን «እሺ» ማሰኘት ከደመወዙ ጋር የተሸከመው ሥራ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የት ተማረው?

«ኮሌጅ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ኮሌጁ የሚያስተምረውን እናውቃለን። ሥነ ልቦና አለ፣ የማስተማር ዘዴ አለ፣ ከ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ ዕጩ መምህሩ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ የሚለማመድበት «ፕራክቲከም» የሚሉት አለ። ስለ ትምህርት አመራር የሚያወሳ ኮርስም አይጠፋም። ነገር ግን ዋናን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ተከዜን አይሻገርም። ሰብሳቢነትም እንደዚያው ነው። ፕራክቲከሙ ራሱ ቢሆን የሚያለማምደው ሕፃናት ፊት መቆምን ነው። ሕፃን ደግሞ መምህሩን ይፈራል፤ የሚፈራን መምራት ብዙ አያስቸግርም። ጭንቁ እኩያን መምራት ነው። «አንተ ደግሞ ማን ነህና?» የሚልህን፣ ከፈለገ ጥሎህ የሚወጣውን፣ ነገ በድምፅ ሊያወርድህ የሚችለውን መምራት። ለዚህ ትምህርት አንድ ክፍል ብቻ አለው፤ እሱም የተማሪዎች የራሳቸው ማኅበር ነው። የዕጩ መምህራን ማኅበር ጉዳይ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ጉዳይ የማይሆነው ለዚህ ነው። የአገራችንን ታሪክ ብናገላብጥ ይህ ክፍል ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲዘጋና ሲከፈት እናገኘዋለን። በተዘጋ ቁጥርም ዕዳው የት እንደደረሰ እናያለን።

ከሩቁ እንጀምር። ዋግ የሹመት አገር ነው። ሰቆጣ ከዛጉዌ ነገሥታት እንወለዳለን የሚሉት ዋግሹሞች መናገሻ ነበረች። ከእነሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ ጣሊያንን ሲዋጉ ተሠውተዋል። ትልቅ ታሪክ ነው፤ ማንም አይነፍጋቸውም። ነገር ግን ዋግሹምነት በደም የሚወረስ ነው። ሹመት ከላይ ይመጣል፣ ከላይም ይነሣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የወጣው ከዚሁ ነው። ሹመት የመብያ ጊዜ እንጂ የመማሪያ ጊዜ ሆኖ አልታየንም።

ይሁንና እዚያው አገር፣ እዚያው ደጅ፣ ሌላ ዓይነት መሪነትም ነበር። ዜማ ቤት ብትገቡ የኔታ እያንዳንዱን ተማሪ ራሳቸው አያስቀጽሉም። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ሲያስቀጽል ራሱም ይጸናል። በእኛ አገር መምህር የሚወጣው እንዲህ ነበር፤ ተማሪነቱን ሳይጨርስ መምህርነቱን ይጀምራል። «መሪጌታ» የሚለውም ስም ዜማውን ጀምሮ ሌላው እንዲቀበለው የሚያደርግ ማለት ነው፤ የሚቀበለው ከሌለ መሪም የለም። የጽዋ ማኅበሩንም እንይ። ሙሴ አለው፣ ደንብ አለው፣ ተራ አለው። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ ዛሬ ያስተናገደ ነገ ይስተናገዳል። ሙሴው «እኔ ሙሴ ነኝና ጽዋው ከቤቴ አይውጣ» ቢል ማኅበሩ በዚያው ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ ማኅበር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። ተራ መጠበቅን፣ በእኩያ መዳኘትን እናውቃለን። ችግሩ ይህን ዕውቀት ዘመናዊው ትምህርት ቤት በር ላይ ጥለነው መግባታችን ነው።

ዘመናዊው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተጀመረ። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም.፣ መምህራን ማኅበራቸውን መሠረቱ። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈተ። በቅደም ተከተሉ ላይ ልብ በሉ፤ አገሪቱ ገና በቂ መምህር ሳይኖራት መምህራኑ መሰብሰብን ጀምረዋል። ያኔ ማኅበሩ ደመወዝ የሚጠየቅበት ብቻ ሳይሆን ከተለያየ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ሰዎች እኩል ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ከጥቂቶቹ ቦታዎች አንዱ ነበር።

ቀጥሎ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መጣ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ አውራጃ ወጥቶ ያገለግላል። አብዛኞቹ የተመደቡት ለመምህርነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ምርጫ ያካሄደ፣ በክርክር የተወጠረ፣ ጋዜጣ ያዘጋጀ ልጅ በየአውራጃው ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ ቆመ። በጠመኔው የሚያስተምረው ሌላ፣ ከክፍል ውጭ የሚያስተምረው ሌላ ሆነ። በዚያው ዘመን ልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ፣ 12ኛ ክፍልን እዚያው እያስጨረሰ፣ ወደ ትምህርት ፋኩልቲ ያስገባ ነበር። ለመምህርነት የታጨው ጎበዙ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ሌላ ሁሉ ያልሆነለት የሚሄድበት መስክ አድርገን ስናወራ ይህንን አንርሳ።

የተማሪዎች ማኅበሩ ምን ያስተምር ነበር? አንድ ምሳሌ ይበቃል። ጥላሁን ግዛው ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተወዳደረና አሸነፈ። ጥላሁንን የምናስታውሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በመገደሉ ነው፤ ማስታወሱም ይገባል። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ሽንፈቱም እኩል ትልቅ ታሪክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በማይመረጡበት፣ ሚኒስትሩ በማይወርድበት አገር አንድ ወጣት በድምፅ ተሸንፎ፣ አምኖ ቤቱ ገባ፤ በዓመቱ ተመልሶ ድምፅ ጠየቀ። ይህን ልምድ በዚያን ጊዜ ከተማሪ ማኅበር በቀር የሚሰጥ ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ዋግ ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለች አውራጃ ነበረች። የጠቅላይ ግዛቱ ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደሴ የሚገኘው ወይዘሮ ስኂን ነው። ዋለልኝ መኮንን የወጣው ከዚያ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሰው በረሃብ ሲረግፍ መንግሥት ዝም ሲል፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አምጥተው ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪውም መዋጮ ሰበሰበ። ስለ ረሃብ ለመናገር ሹመት አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው ተሰብስቦ መወሰንን መልመድ ነበር፤ እሱን ለምደውታል።

በዚያው በ1965 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የፔዳጎጂ አካዳሚ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬ «ፔዳ ግቢ» የሚባለው ነው። ዓላማው ፊደል የሚያስቆጥር ብቻ ሳይሆን የገጠሩን ትምህርት የሚመራ፣ የሚቆጣጠር፣ ከገበሬው ኑሮ ጋር የሚያዛምድ ባለሙያ ማፍራት ነበር። የገጠር መምህር መሪ መሆኑን መንግሥትም ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሳያውቅ የቀረው መሪ ከተለማመደ መምራቱ እንደማይቀር ነው።

ወዲያው ታየ። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ብዙኃኑን በአጭር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚገታ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በር የሚያጠብ ነው ተብሎ ሲወራ፣ መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው። ወላጅ አብሯቸው ቆመ፣ ተማሪ አብሯቸው ወጣ፣ ታክሲ ነጂውም በነዳጅ ዋጋ ተነሣ። መንግሥት ጥናቱን መለሰው። ስልክ ብርቅ በሆነበት አገር መምህራን እንዴት በአንድ ቃል ቆሙ? ማኅበሩ የሩብ ምዕተ ዓመት የስብሰባ ልምድ ነበረው፤ ያ ልምድ ነው የሠራው።

እስከዚህ ያለው የሚያኮራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ማስተዋል ይፈልጋል፤ ያንን ትውልድ ማመስገን ብቻ ታሪክ አይሆንም። ማኅበሩ መሸነፍን ቢያስተምርም ሁሉም አልተማሩትም። መፈክሩ እየጮኸ ሲሄድ የሚያዳምጥ ጆሮ እየቀነሰ ሄደ። አንዱ ሌላውን «አድኃሪ» ሲለው፣ ሌላው መልሶ «አናርኪስት» ሲለው፣ ትናንት በአንድ አዳራሽ እጅ እያወጡ የተከራከሩ ሰዎች በተለያየ ጎራ ተፈላለጉ። ደርግ በበኩሉ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አዘመተ። ተማሪው ገጠሩን አየ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዘማች መሪውን አይመርጥም። ዘመቻና ማኅበር በሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ብዙ ሰው ይሰበስባሉ። ልዩነቱ ትእዛዙ ከየት እንደሚመጣ ነው። ቀጥሎ የመጣውን ቀይ ሽብር መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከሟቾቹ ስንቱ ተማሪ፣ ስንቱ መምህር እንደነበረ ያለቀሰ ያውቀዋል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በ5 ቋንቋዎች ነበር፤ ኋላ 15 ደረሱ። ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኝቷል፤ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረዋል። የዋግ ሰው ቋንቋ ኽምጥኛ ግን ከ15ቱ መካከል አልነበረም። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ዕጩ መምህር ማኅበር ኖሮት፣ እጁን አውጥቶ «የኛስ?» የሚልበት መድረክ ቢኖረውስ ኖሮ? መልሱን አናውቀውም። የምናውቀው መድረኩ አለመኖሩን ነው።

መድረክ ሲዘጋ ደግሞ ሰው ዝም አይልም፤ ሌላ በር ይፈልጋል። ከቀድሞው ኢሕአፓ የወጡ፣ ብዙዎቹ ተማሪ የነበሩ ሰዎች ኅዳር 1973 ዓ.ም. ኢሕዴንን መሠረቱ፤ ዋግም የትግል ሜዳቸው ሆነች። የተማሪ ማኅበር አዳራሽ ሲዘጋ ጫካው ተከፈተ ማለት ነው። በጫካ የተማሩት መሪነት ደግሞ የጫካ መሪነት ነው፤ ዲሲፕሊን ያስተምራል፣ ቆራጥነት ያስተምራል፣ በድምፅ ተሸንፎ ቤት መግባትን ግን አያስተምርም። አገሪቱ ለዚህ ትምህርት የከፈለችው ቀላል አይደለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላስ? የመምህራን ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ስሙና ንብረቱ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተካሰሱበት። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ። የማኅበሩ አመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ አነሡ። ጥያቄው ምን ነበር? የራሳችንን ማኅበር በነፃ እንምረጥ፣ «ሕሊና» የተባለች መጽሔታችን ትመለስ፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ የሚል ነበር። የግቢ ጥያቄ ነው። ከተማው ተናውጦ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። መጽሔትና ማኅበር የጠየቀ ልጅ አስከሬን የተመለሰላት እናት ከዚያ በኋላ ለታናሹ ምን ብላ ትመክረዋለች?

«አርፈህ ተማር።»

ይህቺ ምክር ከየትኛውም አዋጅ በላይ ሠርታለች። ሰቆጣ ዙሪያ ፍየሉን ሸጦ ልጁን ኮሌጅ የሚልክ አባት ሲሸኘው የሚለው ይህንኑ ነው። «ስብሰባ ላይ አፍህን እንዳትከፍት። ተመረቅና ና።» አባቱን ማን ይወቅሰዋል? ያየውን ነው የሚናገረው። ልጁም አርፎ ይማራል። አርፎ ተምሮ ይመረቃል። ከዚያ መስከረም ላይ ዝቋላ ይመደብና መቶ ወላጅ ፊት ቁሞ «አፍህን ክፈት» ይባላል።

ማኅበሩ በስም አልጠፋም፤ በየኮሌጁ የተማሪዎች መማክርት የሚሉት አለ። ግን በብዙ ቦታ ሥራው ምን ሆነ? ማስታወቂያ መለጠፍ፣ የውኃና የዳቦ ቅሬታ ለአስተዳደር ማድረስ፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር መደርደር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ «የልማት ሠራዊት»፣ «አንድ ለአምስት» መጣ። አምስቱን የሚመራው አንዱ ማነው? ከላይ የተነገረው ነው። ደርሶ የሚመለሰው ሪፖርት ነው። ልጆቻችን በዚያ ዘመን ሪፖርት መሙላትን በደንብ ተማሩ፤ ስብሰባ መምራትን ግን አልተማሩም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሪፖርት ወደ ላይ ያያል፤ ሰብሳቢ ፊት ለፊት ያያል።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ፤ የነገሩ ክብደት የሚታየው እዚያ ነውና። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የብሔረሰብ አስተዳደሩ ሕዝብ ወደ 426 ሺህ ነበር፤ አብዛኛው ገደልና ሸለቆ በለየው ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ኽምጥኛ ከትምህርት ቤት በር ገብቷል። ሰቆጣም የራሷ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። የጥንቱ የዋግ ልጅ ለመምህርነት ሩቅ አገር መውረድ ነበረበት፤ የአሁኑ በደጁ መሠልጠን ችሏል። ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ ለወራት ቆየች። በክልሉ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፣ ወንበርና መጽሐፍ ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት እንደገና ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መምህራንም የሁለት ወገን ጥርጣሬ መሐል ወደቁ።

እንዲህ ባለ አገር ትምህርት ቤት የሚከፍተው ደብዳቤ አይደለም። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ወላጁን ሰብስቦ «ልጆቹን በዛፍ ጥላም ቢሆን እናስተምር» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የታጠቀውንም ያልታጠቀውንም አነጋግሮ፣ ከማንም ወገን ሳይሆን፣ የልጆቹን ወገን መያዝ አለበት። ይህን የሚችል ወጣት ከሰማይ አይወርድም።

የሰቆጣ ስም በአገር ደረጃ የሚነሣበት አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚል ውጥን አወጀ፤ ዓላማው ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ማስቆም ነው። ሐኪሞች የሚሉን ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ 1 ሺህ ቀናት ያጣውን ምግብ በኋላ ቢትረፈረፍለትም ቁመቱን አይመልስለትም ነው። መሪነትም ይቀነጭራል። ዕጩ መምህር ኮሌጅ የሚቆይበት ሦስት ዓመት እንደዚያ 1 ሺህ ቀን ያህል ነው፤ በአጋጣሚ ሒሳቡም ይገጥማል። በነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ ሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ ተሸንፎ፣ ሒሳብ አስረክቦ ያላወቀ ልጅ ከተቀጠረ በኋላ የሦስት ቀን የአቅም ግንባታ ሥልጠና ከነአበሉ ቢሰጠው ቁመት አይጨምርም።

ሌላው ዓለም ይህን ከተረዳ ቆይቷል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1937 «የነገ መምህራን» የሚባል ማኅበር አቋቁመው ገና ሁለተኛ ደረጃ ያለ ተማሪ ጭምር ሊቀ መንበርና ጸሐፊ እየሆነ እንዲለማመድ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የኮሌጅ ዕጩ መምህራን በትልቁ የመምህራን ማኅበራቸው ሥር የራሳቸው ክንፍ ኖራቸው። ከጎረቤት ካልን ጁሊየስ ኔሬሬን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1945 በማከሬሬ ኮሌጅ ለመምህርነት ሲሠለጥን ከታንጋኒካ የመጡ ተማሪዎችን ማኅበር መሠረተ። ከዚያ መምህር ሆነ፤ ከዚያ የአገር መሪ ሆነ፤ እስኪሞት ድረስ የተጠራበት ስም ግን «ምዋሊሙ» ነው፤ መምህሩ ማለት ነው። በፈቃዳቸው ከሥልጣን ከወረዱት ጥቂት የአፍሪካ መሪዎች አንዱ መሆኑ ከዚያ ከተማሪነት ማኅበሩ ጋር ምንም አይገናኝም ለማለት ይከብደኛል።

«ማኅበር ከተፈቀደ ፖለቲካ ይገባበታል» የሚል ስጋት አለ። እውነት ነው፤ ይገባበታል። ግን ማኅበሩ ባይኖርም ፖለቲካው ገብቷል፤ ያውም በመኝታ ክፍል በሹክሹክታ፣ በብሔር ተቧድኖ፣ በግድግዳ ጽሑፍ። አዳራሽ ውስጥ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ የሚደረግ ክርክር ዶርም ውስጥ በዱላ ከሚደረገው ይሻላል። ተማሪዎቹም በበኩላቸው ከታሪክ የሚማሩት አለ። ማኅበራቸውን ለየትኛውም ፓርቲ መሰላል ካደረጉት፣ መሰላሉን የወጣበት ሰው መጨረሻ ላይ ገፍትሮ ይጥለዋል። ይህም ደጋግሞ ታይቷል።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። በሰቆጣ ኮሌጅም ሆነ በሌላው፣ የዕጩ መምህራን ማኅበር በትንሹ ሊጀመር ይችላል። ሰብሳቢው በየመንፈቁ በምስጢር ድምፅ ይመረጥ፤ እንደ ጽዋው በተራ ይዙር። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቀመጥ አይኑር። ገንዘብ ያዡን የሚመረምረው ያልመረጠው ወገን ይሁን። ቃለ ጉባኤ በየተራ ይጻፍ፤ የተሸነፈው ሐሳብም ይመዝገብ። ሴቶቹን ለምዝገባና ለሻይ ቡና ብቻ መመደቡ ይቅርና ሰብሳቢነቱን ይያዙ፤ ነገ የዚያችን ልትዳር የታሰበች ልጅ እናት ቤቷ ገብታ ከማንም በተሻለ የምታነጋግረው መምህርቷ ናትና።

ሥራም ይኑራቸው፤ ሥራ የሌለው ማኅበር ምርጫው ወንበር ሽሚያ ይሆናል። ሥራው ደግሞ ሞልቷል። በሰቆጣ ትምህርት ቤቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነቡ ልጆችን ማገዝ አለ። ኽምጥኛ መጽሐፍ የተረፈው ቋንቋ አይደለም፤ ዕጩ መምህራኑ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ጽፈው፣ ተራርመው፣ አንድ ትንሽ የንባብ መጽሐፍ ቢያዘጋጁ ለቋንቋውም ለራሳቸውም ትምህርት ነው። በአንዲት ገጽ ፊደል ላይ እንኳ ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ «እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ የለም እንዲያ ነው» ይባባላሉ። ይባባሉ! ተከራክሮ መወሰን፣ ከወሰኑ በኋላ የተሸነፈውም አብሮ መሥራት፣ ይኸው ነው ትምህርቱ።

የኮሌጁ ድርሻ አንድ ነገር መታገሥ ነው፤ ልጆቹ ሲሳሳቱ ማየትን። ዲኑ ስብሰባ መሐል ገብቶ «እኔ ልወስንላችሁ» ባለ ቁጥር አንድ ርእሰ መምህር ለአንድ ቀበሌ ጎደለ ማለት ነው። ማኅበሩ ሃምሳ ብር ቢያባክን ኮሌጅ ውስጥ ያባክን፤ በኋላ የተማሪ ምገባ እህል ተረክቦ ከሚያባክን። ሰብሳቢው ቢፈራ፣ ቢንተባተብ፣ እኩዮቹ ፊት ይንተባተብ፤ በኋላ ሽማግሌዎች ፊት ከሚንተባተብ።

ለአባትየውም አንድ ቃል አለኝ። «አርፈህ ተማር» ያልከው ስለምትወደው ነው። ነገር ግን ልጅህ የሚማረው መምህርነት ነው። መምህር ደግሞ አርፎ የሚበላበት ቀበሌ በዋግ የለም። በሚቀጥለው መስከረም ሌላ አባት ልጁን ይዞ ከፊቱ ይቆማል፣ ተራው የሱ ይሆናል፣ ሰዉም ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። በዚያች ሰዓት አፉ እንዲፈታ ከፈለግህ፣ ዛሬ ስትሸኘው «ስብሰባ ላይ ጠይቅ፣ ሲመርጡህም እሺ በል፣ ሲያወርዱህም አትከፋ» ብለህ ሸኘው።